ጭነት የመረጠልን ጎማ

ከሳሪስ አቦ ተነስቶ በቃሊቲና በአቃቂ አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ጎሚስታ ቤት ሳያዩ ብዙ መሄድ አይቻልም። ያገለገለ ጎማ ደጃፉ ላይ ይቆለላል፤ ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፤ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውሃ ገንዳ ከጎኑ ይቀመጣል። ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም፤ «ስንት ዓመት ይሄዳል?» ይላል። ከዚያ ዋጋውን፣ ከዚያ የት አገር እንደተሠራ፣ የጭነት መኪና ያለው ከሆነም ስንት ፕላይ (የክር ንብርብር) እንደሆነ ይጠይቃል። ዝናብ ላይ እንዴት ይይዛል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር የሆነው አቃቂ ቃሊቲ ጎማን በደንብ ያወቀው በጭነት መኪና በኩል ነው፤ ጎማ የምንመዝንበትን ሚዛን የሠራልንም ጭነት ነው። ሚዛኑ በዘመኑ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በዚያው በር የሚያልፈውን ሃይብሪድ መኪና በዚያው ሚዛን መመዘን ግን አደገኛ ስህተት ነው። ስህተቱን የሚያርመውም አንዳንዶች እንደሚያስቡት ከፈረንጅ አገር የበረዶ ጎማ ማስመጣት አይደለም።

መኪና ራሱ ወደ አገራችን የገባው በንጉሥ ወግ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሌ መኪናውን በጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ያ ጎማ የቤተ መንግሥት መደነቂያ እንጂ የንግድ ዕቃ አልነበረም። የንግዱን ሸክም የተሸከመው ባቡር ነው። የጅቡቲው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ከመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ቆርቆሮና ብረት በሐዲድ ላይ እየተንከባለሉ ይመጡ ነበር። ለሃያ ዓመት ገደማ የዚህ አካባቢ ከባድ ዕቃ ከጎማ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ነገሩ የተለወጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን በፊያትና በላንቺያ ካምዮን አንቀሳቀሰ፤ ሲወጣም 6,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ትቶ ሄደ። ከመንገዱ ጋር መካኒኩም፣ ጎሚስታውም፣ ክሪኩም፣ ከመነዳሪውም እዚህ ቀሩ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ በወጣች በዓመቱ ገደማ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ማላያንና የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ያዘች፤ የተባባሪዎቹ ኃይሎች የተፈጥሮ ጎማ ምንጭ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ጎማ በዓለም ዙሪያ በራሽን የሚታደል ዕቃ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን የጀመረ ጎሚስታ ጎማን እስከ መጨረሻው ክር ድረስ ማስኬድን ዋና ሙያው አድርጎ ቢይዝ የሚገርም አይደለም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ አጠናከረ። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተደገፈው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱ ሲጠገንና ሲረዝም የጭነቱ ጉዞ ከሐዲዱ እየሸሸ ወደ ካምዮን ዞረ። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን እየጎተተ ከአሰብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከባሕር ጠረፍ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ወጥቶ በአቃቂ በኩል ይገባ ነበር። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ጭነቱ በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መነሻው ቢቀየርም መግቢያ በሩ አልተቀየረም፤ የቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ፣ የነዳጅ ቦቴው፣ የእህልና የሲሚንቶ ተሳቢው፣ የጨርቃ ጨርቁና የብረታ ብረቱ ፋብሪካ ሁሉ እዚሁ ተሰብስቧል። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ጎማ ማለት መጀመሪያ የካምዮን ጎማ ማለት ነበር፤ የቤት መኪናው ባለቤት ሙያውንም ምክሩንም የተዋሰው ከካምዮኑ ሹፌር ነው።

የዚያን ሹፌር ምርጫ በቅርበት ማየት ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ድህነት ወይም እንደ ቸልታ ሲቆጠር እሰማለሁና። የለመደው ጎማ ክሮቹ ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ ተሻግረው የሚነባበሩበት፣ ጎኑ ወፍራም፣ ውስጡ ከመነዳሪ ያለው ነው። ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ክሮቹ ቀጥ ብለው የሚዘረጉበትን ራዲያል ጎማ እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር፤ ሆኖም ባለሰያፍ ክሩ በእኛ መንገድ ለአሥርተ ዓመታት ነገሠ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ኋላ በስሎቫኪያው ማታዶር፣ ቀጥሎም በሆራይዘን እጅ የገባው አዲስ ጎማ ፋብሪካም ትልቁ ገበያው ጭነት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወፍራሙ ጎን በኮረኮንች መንገድ የሾለ ድንጋይ ሲወጋው ቶሎ አይሰነጠቅም። ትርፍ ጭነት ሲጫንበት ይታገሣል። ከመነዳሪው ሲበሳ ሹፌሩና ረዳቱ ክሪክና ሁለት ብረት ይዘው በበረሃ መሐል አውጥተው፣ ለጥፈው፣ መልሰው ይነፉታል። ጥርሱ ሲያልቅ አካሉ ደህና ከሆነ ይታደሳል። በኮረኮንች ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የዝናብ አያያዝ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ጎማ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ደግሞ በሐምሌ እንደ ሊጥ ስለሚጣበቅ፣ ከፋብሪካ ግቢና ከእርሻ ማሳ ለሚወጣ መኪና የሚጠቅመው ጭቃውን እየቆረሰ የሚጥል ጥልቅና ሰፊ ጥርስ ነበር። ይህ ሁሉ በሥራ የተፈተነ ዕውቀት ነው።

ጎማው ከመኪና ወርዶም ዋጋው አያልቅም ነበር። ከጎማ የተቆረጠው በረባሶ የገበሬውም፣ የተማሪውም፣ የወታደሩም ጫማ ሆኗል፤ ከከመነዳሪ የተሠራ ባልዲ ከጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፤ ያረጀ የመኪና ጎማ ለፈረስ ጋሪ ይገጠማል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ላይ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሶልሬብልስም የጎማ ሶሉን ጫማ ለውጭ ገበያ አድርሶታል። ይህን የማነሳው ስለ ሚዛናችን ብዙ ስለሚናገር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ጫማ ሊሆን የሚችል ዕቃ የሚገዛ ሰው ላስቲኩን በብዛቱና በጥንካሬው ይመዝናል። ለስላሳ፣ ስስና ቶሎ የሚያልቅ ነገር ለእርሱ ማጭበርበር ነው። ዝናብ ላይ በደንብ የሚይዘው ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለው ነው።

የበረዶ ጎማ የመጣበትን መንገድ ብናይ ሌሎችም አገሮች በዚሁ ዓይነት ሚዛናቸውን ከገዛ መንገዳቸው እንዳወጡ እንረዳለን። የመጀመሪያውን የበረዶ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው ዛሬ ኖኪያን በሚል ስም የምናውቀው የፊንላንድ ፋብሪካ ነው፤ የተሠራውም ለጭነት መኪና ነበር። ለቤት መኪና የሚሆነው ሃካፔሊታ የተከተለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፊንላንዳዊው ሹፌርም እንደ እኛው ጭነት አለበት፤ ነገር ግን መንገዱ በዓመት ለብዙ ወራት በረዶ ስለሚለብስ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይይዛል ወይ?» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካው ጉድይር ቲየምፖ የተባለውን ጎማ አውጥቶ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀያየር ለሰለቸው ባለመኪና «የሁሉም ወቅት» የሚለውን ሐሳብ በገበያው አስፋፋ። ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ይይዛል፤ ይህ ጭቃና በረዶ ለማለት አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ምልክት ስለሆነ ብዙ አያስተማምንም። ባለሦስት ጫፉ ተራራና የበረዶ ቅንጣቱ ምልክት ግን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፈተና የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ይህን ምልክት የያዘ ጎማ ቃሊቲ ላይ ያየ ሰው ያየው የሌላ አገር መንገድ ለገዛ ጥያቄው የሰጠውን መልስ ነው።

የእኛ መንገድ ጥያቄውን የለወጠው ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አገልግሎት እየሰጠ ነው፤ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። የመኪናው ዓይነትም ተለወጠ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጁ መኪኖችን በከባድ ቀረጥ መታ፤ በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች የታክስ እፎይታ ተሰጠ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት ይፋ አደረገ። በዚህ መሐል ነዳጅ ሲወደድ ብዙ ሰው ሃይብሪድ ገዛ። ሃይብሪድ ከኤንትሬ ጋር ያለው ዝምድና ጎማ ላይ መቆሙ ብቻ ነው። ሞተሩ የኤሌክትሪክ ጉልበቱን ከቆመበት ሲነሳ ወዲያው ለጎማው ያወርዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ያንኑ ጉልበት በጎማው በኩል መልሶ ወደ ባትሪው ይሰበስባል። ብዙዎቹ የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ጎማዎች ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚገጠምለት ጎማ በመንከባለል የሚባክነውን ጉልበት ለመቀነስ የተሠራ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሃይብሪድ የገዛ ሰው «ጠንካራ ነው፣ ብዙ ዓመት ይሄዳል» ተብሎ ለሚኒባስ የሚሆን ወፍራም ባለስምንት ፕላይ ጎማ ሲያስገጥም የከፈለበትን ቁጠባ መልሶ ይጥላል፤ መኪናው ዝናብ ላይ የሚይዝበትን አቅምም አብሮ ይጥላል።

ዝናቡን እንደ ቁጥር ጉዳይ እንየው። የአሜሪካው የሕዋ ድርጅት የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአውሮፕላን ጎማ ሲመረምሩ፣ ውሃ በተኛበት መንገድ ጎማ መሬት ለቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በውስጡ ካለው የነፋስ ግፊት ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። በቀመራቸው ሲሰላ፣ ጥርሱ አልቆ ውሃ ማስወጣት ያቃተውና 32 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነፋሱ ወደ 22 ከወረደ 78 ላይ ይንሳፈፋል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ሁለቱም ከተፈቀደው በታች ናቸው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ውሃውን በቦዮቹ ስለሚያስወጣ ይህ ወሰን ወደ ላይ ይሸሻል። በላስቲኩ ቅመም ረገድም ልዩነቱ ትልቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ጎማ የነዳጅ ቁጠባውንና በእርጥብ አስፋልት ላይ የመቆም አቅሙን በደረጃ የሚያሳይ ምልክት እንዲለጠፍበት አስገድዷል፤ በዚያ መለኪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ምርጡን ደረጃ በያዘ ጎማና በዝቅተኛው መካከል የሚቆምበት ርቀት እስከ 18 ሜትር ሊለያይ ይችላል። በቃሊቲ አደባባይ ዙሪያ 18 ሜትር ስንት ሰው እንደሚያቋርጥበት የሰፈሩ ነዋሪ ያውቃል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ ለወራት ከተሳቢና ከቦቴ የተንጠባጠበውን ናፍጣና ዘይት፣ ከመኪና እግር የረገፈውን ዋልካ ከአስፋልቱ ጋር ሲያላቁጠው መንገዱ ከሐምሌው ዶፍም ይልቅ ያዳልጣል።

ታዲያ ዝናብ ላይ መያዝ ዋናው ጉዳይ ከሆነ ለቅዝቃዜና ለእርጥበት የተሠራው የበረዶ ጎማ ወይም የሁሉም ወቅት ጎማ ለምን አይሆንም? ይህን የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የበረዶ ጎማ ብልጫ የሚጀምረው የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሲወርድ ነው ይባላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ደግሞ በአቃቂ ሜዳ ውርጭ የሚጥልበት ቀን አለ። በረዶም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ወርዶ መንገዱን ነጭ ሲያለብስ አይተናል። ሆኖም ውርጩ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ብሎ መንገዱ ደረቅ በሆነበት ወቅት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አስፋልቱን አሙቃዋለች። የወረደው በረዶም ብዙ ሳይቆይ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ ለዚያች ጊዜ ዳር ይዞ መቆም ይበቃል። የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድ እንዳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ የተቀመመ ስለሆነ በሞቀ አስፋልት ላይ ይልፈሰፈሳል፤ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። የዚህ ሰፈር መኪና ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ብቻ አይዞርም። በአንድ ቀን ከአቃቂ ወርዶ በሞጆና በአዳማ አልፎ መተሐራና አዋሽ ይደርሳል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች፣ ወደ በረሃ ሙቀት መውረድ ማለት ነው። የሁሉም ወቅት ጎማ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ባለበረዶ ቅንጣቱ ቢገጠም ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ብዙም በማናየው በረዶ ላይ ለመሄድ ሲል ገዢው በሙቀት ላይ ካለው አያያዝ የተወሰነውን ያጣል። ከአውሮፓ ተፈትቶ የመጣ ያገለገለ የበረዶ ጎማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ለስላሳነቱ ከእርጅና ጋር ጠፍቶ፣ በብርድም በሙቀትም የማይሆን ደረቅ ላስቲክ ሆኖ ነው የሚደርሰን።

ከባዱ ተቃውሞ የዋጋ ነው። ጎማ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከወር ደመወዝ በላይ የሚያወጣ አራት ጎማ ሰው እንደ ልቡ አይቀያይርም። «ብዙ ዓመት ይሂድልኝ» የሚለውን ሰው መውቀስ አልችልም። ማለት የምችለው፣ ዓመቱን የሚቆጥርበት መንገድ ራሱን እየጎዳው መሆኑን ነው። በጎማው ጎን ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ላስቲክ በመጋዘንም ሆነ በፀሐይ ሲቆይ ይደርቃል፤ በእኛ ከፍታ ፀሐዩ ይበረታል። ስለዚህ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ግን ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የኖረ ጎማ ብዙ ዓመት የሚሄድ ጎማ አይደለም። ከዚያው ጎን ላይ 195/65 አር 15 91 የሚል ቢነበብ፣ 91 ያ አንድ ጎማ 615 ኪሎ መሸከም ይችላል ማለት ነው፤ መኪናው ከሚጠይቀው ቁጥር በታች የሆነውን በርካሽ ማስገጠም አደጋን በገንዘብ መግዛት ነው። ነፋስን በሳምንት አንዴ ማስለካት፣ የፊቱንና የኋላውን በየጊዜው ማቀያየር የጎማን ዕድሜ ከማንኛውም ባለብዙ ፕላይ ላስቲክ በላይ ያረዝማሉ፤ ወጪያቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ «ጥሩ ሹፌር በምንም ጎማ ይነዳል» የሚለው ነው። የድሮው የአሰብ መንገድ ሹፌር በዚህ ቢኮራ እውነት አለው፤ የእርሱ ጥንቃቄ ግን የሠራው ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ መንገዱ ጭር ያለ ስለነበር ነው። ዛሬ የሃይብሪዱ ሹፌር ፊት ለፊቱ ባጃጅ፣ ጎኑ ላይ ሲኖትራክ፣ ኋላው ሚኒባስ አለ። ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው፤ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ጎማው ነው። የጭነት መኪናው ባለቤት የድሮ ሚዛኑን ይጣል አልልም፤ ኮረኮንች እስካለ፣ ጭነትም እስካለ ድረስ ለእርሱ ጥንካሬ ይቀድማል። ስህተቱ የአንዱን ሚዛን ለሌላው ማዋስ ነው።

ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ሃይብሪድ ለሚነዳ ሰው የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ የበረዶ ጎማውን ይተው። መኪናው የሚጠይቀውን ልክና የክብደት ቁጥር የያዘ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው፣ ከተመረተ ሁለት ዓመት ያላለፈው መደበኛ ራዲያል ጎማ ይግዛ፤ ጥርሱም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሰኔ ሳይገባ ይቀይር። ለመንግሥትም ጥያቄ አለኝ። ቦሎ ለማደስ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የእያንዳንዱ ጎማ ጥርስ በሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ የተመረተበት ዓመትም ተነቦ በወረቀቱ ላይ ለባለመኪናው በጽሑፍ ይሰጠው። ወደ አገር የሚገባ ጎማም በዝናብ ላይ ያለው ደረጃ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተጽፎበት ከቃሊቲ ጉምሩክ ይውጣ።